«ሥር አልባ» ወይስ «ደም ሥር አልባ»?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ሞስን፣ ሊቨርወርትንና ሆርንወርትን፣ ማለትም ውሃ የሚያመላልስ ቱቦ የሌላቸውን ትናንሽ ዕፅዋት፣ በአማርኛ ሳስረዳ «ደም ሥር አልባ ዕፅዋት» ብል ባልደረቦቼ «ተክል ምን ደም አለው?» አሉኝ። «ሥር አልባ» ስል ደግሞ «ሥርና ቱቦ ምን አገናኛቸው?» አሉ። የቱ ይሻላል? ሞስስ የዛፍ ሽበት የምንለው ነው?

መልስ፦ «ሥር አልባ» ይበሉ። ባልደረቦችዎ ስለ ደሙ ልክ ናቸው። «ሥር»ን ግን አጠበቡት።

በአማርኛ ሥር ማለት አፈር ውስጥ የሚሄደው ብቻ አይደለም። ደም የሚመላለስበትንም ደም ሥር እንለዋለን። ሰው ሲቆጣ አንገቱ ላይ የሚገታተረውም ሥር ነው። ነገሩ የቆየ ነው፤ የግእዙ «ሥርው» የዛፍም ሥር ነው፣ የሰውም ጅማት።

አሁን ሞስን ይዩት። ሁለቱም የሉትም። ድንጋዩን የሚይዝበት እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ነው፤ እውነተኛ ሥር አይደለም። እንደ ባሕር ዛፍ ወይም እንደ ጤፍ ውሃ የሚያመላልስ የቱቦ መረብም የለውም። ውሃውን በመላ ገላው ይጠጣል። አብዛኛው ሞስ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር የማያልፈውም አንድም በዚህ ነው። እና «ሥር አልባ» ስንል አንዷ ቃል ሁለቱንም ትናገራለች። ይህን ሳይ ቋንቋችን ደስ ይለኛል። ለተማሪ ግን መጀመሪያ ላይ «ሥርም ቱቦም የሌለው» ብለው ይፍቱት።

ሽበት ሌላ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ከአስታ ቅርንጫፍ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው ግራጫ ነገር ላይክን ነው። ላይክን ፈንገስና አልጌ ተጋግዘው የሚኖሩበት እንጂ ተክል አይደለም። ገበሬው ሞሱንም ሽበት ቢለው አላርመውም። ክፍል ውስጥ ግን ይለዩ፤ ሽበት ስሙ ራሱ ቀለሙን ይዟል፣ ሞስ ደግሞ አረንጓዴ ነው።

ስለ ሽበት አንድ ነገር ልጨምር። ግእዙ «ሢበት» ነው፣ ግሡ «ሤበ»። «ት» የስም መድረሻ ነበረች። አማርኛ ግን ከዋናው ፊደል ቆጥሮ «ሸበተ» ብሎ ግሥ አወጣባት። ዓረብኛው «ሸይብ» ላይ «ት» የለችም።

ሞስን «ሞስ» ብለው ይጻፉት፤ ተማሪው ያውቀዋል። ክረምት ላይ ከግንብ አጥር ትንሽ ፈልቅቀው ክፍል ይውሰዱላቸው። ገልብጠው ሥሩን ይፈልጉ።