ጠዋት ከአልጋዬ መነሣት አቃተኝ፦ ስንፍና ነው ወይስ በሽታ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አዲስ አበባ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ነኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ከናይት ዲዩቲ (ከሌሊት ተረኝነት) በኋላ ወገቤን ያመኛል፤ ራሴን ይፈልጠኛል፤ እንቅልፍም እምቢ ይለኛል። በዚህ ወር ሦስት ቀን ከሥራ ቀረሁ። በዋርዳችን፣ ማለትም በምንሠራበት የሕሙማን ክፍል፣ የምቀረው እኔ ብቻ አይደለሁም። አለቆቻችን ግን «ስንፍና ነው» ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፉልኝ ውስጥ ስንፍና አላየሁም። ያየሁት የታመመ ወገብ፣ ያልተኛ ሰውነትና የዛለ መንፈስ ነው።

ከወገቡ ልጀምር። የወገብ ሕመም በዓለም ዙሪያ ነርሶችን ከሥራ ከሚያስቀሩ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። በሽተኛን ከአልጋ ወደ ስትሬቸር ማሻገር የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሌሊት ግን ጓደኛዎ መድኃኒት እየሰጠች ነው፤ አስታማሚውም ኮሪደር ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ስለዚህ አንሶላውን ጨብጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ ወገብዎን ጠምዝዘው ብቻዎን ይስባሉ። የሚጎዳው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ይህ መጠማዘዝ ጭምር ነው። አንዷ ስትቀር ደግሞ የእሷም ድርሻ የቀሩት ላይ ይወድቃል። በሚቀጥለው ሳምንት እነሱም ይቀራሉ።

እንቅልፉም እንደዚሁ ነው። የሰውነታችን ሰዓት የተሠራው ሌሊት እንድንተኛ ስለሆነ የቀን እንቅልፍ አጭርና ቀላል ነው። ልጆች ቤት ካሉ፣ ሞግዚቷም ካልመጣች እሱም የለም። ደመወዙ ወር ስለማያደርሳቸው ከናይት ወጥተው በቀጥታ ወደ ግል ክሊኒክ የሚሄዱ ባልደረቦችም አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ሰውነት ግን ዕዳውን ያስከፍላል።

መንፈስ መዛሉን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አካቶታል። የመደበው ግን በበሽታነት ሳይሆን መላ ካላገኘ የሥራ ጫና የሚመጣ ችግር አድርጎ ነው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ጉልበት ማለቅ፣ ሥራን መጥላት፣ «ምንም አልሠራሁም» የሚል ስሜት። ከሥራው ከመጣ መፍትሔውም ከሥራው መጀመር አለበት። አለቆችዎ የፊርማ መዝገቡን ለቅጣት ብቻ ሳይሆን ለምርመራም ይግለጡት። ሰው የሚቀረው ከናይት ማግስት ከሆነ መታከም ያለበት የዲዩቲ ፕሮግራሙ ነው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ጉንፋን ይዞት የቀረው ይወቀሳል፤ እያስነጠሰ የገባው ይመሰገናል። የሚያስነጥሰው እኮ አቅም ያጣ በሽተኛ ፊት ነው!

እርስዎ አሁን ይመርመሩ። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግርና የደም ግፊት ድካምና ራስ ምታት ሊያመጡ ስለሚችሉ መታየት አለባቸው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቡና ይተዉ። ቤት ሲደርሱ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ይሸፍኑ፤ ስልክዎን ያጥፉ። በሽተኛ ሲያነሱ ሰው ይጥሩ፤ በሽተኛው ትንሽ ቢጠብቅ ይሻላል። የሚቀሩበትን ቀን በሕመም ፈቃድ ያስመዝግቡት፤ ዝም ብለው ሲቀሩ ነው ስንፍና የሚባለው።

ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የአእምሮ ሐኪም ያማክሩ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀን አይጠብቁ። ከወገብ ሕመሙ ጋር እግርዎ አልታዘዝ ካለ፣ በጭንዎ መካከል ከደነዘዘዎት ወይም ሽንትዎን መቆጣጠር ካቃተዎት በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።