ደላላውን ሌባ ያልኩበት ቀን

ዱባይ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለልኝ። በኒውዮርክ ገበያ አንድ የቡና ፊውቸርስ ውል (ቡናን ወደፊት ለመረከብ ዋጋው ዛሬ የሚቆረጥበት ውል) ሲገዛ ስልኩ ላይ ያየው ዋጋ ሌላ፣ የተገዛለት ዋጋ ሌላ ሆኖበታል። ልዩነቱ በአንድ ፓውንድ ክብደት የአሜሪካ 1 ሳንቲም ነው፤ አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ስለሆነ 375 ዶላር መሆኑ ነው። «ጋሼ፣ ተሰረቅኩ!» አለኝ። ቃሉ ሆዴን በላኝ።

በእሱ ዕድሜ ሸዋሮቢት ላይ ያንኑ ቃል ተናግሬዋለሁ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወርጄ፣ በዚያ ሙቀት ላይ ወፍራም ሹራቤን ሳላወልቅ፣ 40 ኩንታል ማሾ እንዲገዙልኝ አንድ አዛውንት ደላላ ለመንኩ። የጠዋቱን ዋጋ ነገሩኝ። «ባገኙት ዋጋ ይግዙልኝ፤ ብቻ ዛሬ ይጫን» ብዬ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ከሰዓት ሂሳቡ ካሰብኩት በ680 ብር በልጦ መጣ። በሰው መሀል «ሌባ!» ብዬ ጮህኩባቸው። አልመለሱልኝም። ላብ ያራሰውን ደብተራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አንድ ገጽ ቀደዱና ሰጡኝ። 8 ኩንታል በጠዋቱ ዋጋ፣ 12 ኩንታል በ15 ብር ጭማሪ፣ 20 ኩንታል በ25 ብር ጭማሪ። በጠዋቱ ዋጋ የሚሸጥ የነበረው 8 ኩንታል ብቻ ነበር፤ ፈላጊ መምጣቱ ሲሰማ የቀረው ሻጭ ዋጋውን ሰቀለ። እኔ ድምሩን የሠራሁት ማታ፣ የጭነት መኪናው ጣርማበርን እያቃሰተ ሲወጣ ነው። ልክ 680 መጣ። ከዚያ ወዲህ በሸዋሮቢት ስንት ጊዜ አልፌአለሁ፤ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ አንድ ቀን እንኳ ከመኪና አልወረድኩም።

የዋጋ መንሸራተት የሚባለው ይኸው ነው። የእህቴ ልጅ ያዘዘው አንድ ውል ብቻ ስለሆነ ሻጩን ሁሉ አልጨረሰም፤ ያዘዘው ግን ገበያው በተከፈተባት ደቂቃ፣ ሻጭና ገዥ በቅጡ ሳይሰለፍ ነው። እናንተ የዛሬ ልጆች ስክሪን ላይ ያለን ቁጥር እንደ መሐላ ትይዙታላችሁ። ቁጥሩ ሌላ ሰው ቀድሞ የተገበያየበት ዋጋ ነው፤ ለእናንተ ቃል የገባላችሁ የለም።

ስትገዙ የዋጋ ገደብ አስቀምጡ፤ «ከዚህ በላይ አልገዛም» በሉ። ገበያው ካልደረሰላችሁ ይቅር። እንዲህ እላለሁ እንጂ፣ ሐምሌ 2013 ውርጭ የብራዚልን ቡና በመታ ጊዜ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። ዋጋው ሲተኮስ፣ ውል ቀድሞ ሸጦ የነበረ ሰው መልሶ ገዝቶ ለመውጣት የዋጋ ገደብ ካስቀመጠ ዋጋው ጥሎት ይሄዳል፤ ኪሳራው በየሰዓቱ ይከመርበታል። ስቶፕ፣ ማለትም «ዋጋው እዚህ ከደረሰ ግዙልኝ» የሚል ትዕዛዝ ያስቀመጠውም፣ ዋጋው እዚያ ሲደርስ ትዕዛዙ «በተገኘው ዋጋ ግዙ» ወደሚል የገበያ ዋጋ ትዕዛዝ ስለሚለወጥ፣ ካሰበው በላይ ከፍሎ ይወጣል። እንዲህ ባለ ቀን እኔ ራሴ ከፍላችሁ ውጡ ነው የምለው።

የእህቴ ልጅ፣ ውሉን የገዛልህን ድርጅት ሌባ ከማለትህ በፊት ግዢው የተፈጸመበትን ሰዓትና ዋጋ በዝርዝር ጠይቃቸውና ላክልኝ። አብረን እንደምረዋለን።