መንጠቆው በዓሣው አፍ ልክ
የአንባቢያን ጥያቄና የዓሣ አጥማጁ መልስ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የሚኖር ወንድሜ ለእረፍት ሲመጣ ሙሉ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ይዞልኝ መጥቷል፤ ጠንካራ ዘንግ፣ የክር መጠቅለያ፣ ወፍራም የናይለን ክር፣ እንዲሁም በሣጥን የተደረደሩ የሚያብረቀርቁ ሰው ሠራሽ ዓሦች። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አራት እሑድ ስወረውር ውዬ አንድም ዓሣ አልያዝኩም። አጠገቤ የሚቀመጡ ልጆች ግን በሸምበቆና በመሬት ትል ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) በላይ በላዩ ያወጣሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የዕቃው?
(አንባቢ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዕቃው ደኅና ነው፤ የተሠራው ግን ለሌላ ዓሣ ነው። እነዚያ የሚያብረቀርቁ ማባበያዎች በአሜሪካ ሐይቆች እንደሚገኘው ባስ የተባለ ዓሣ፣ ትንንሽ ዓሦችን አሳድዶ ለሚውጥ አዳኝ የታሰቡ ናቸው። የሐዋሳ ቆሮሶ ዋና ምግቡ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ዋቅላሚ (ውኃውን አረንጓዴ የሚያስመስለው) ስለሆነ፣ ፊቱ ሲብረቀረቅ የሚያልፍ ብረት አያጓጓውም። ትልና ሊጥ ሲያገኝ ይበላል፤ ሲበላም በትንሽ አፉ ቀስ ብሎ ይቀምሳል፣ ክብደት ወይም ጥንካሬ ከተሰማው ወዲያው ይተፋል። ልጆቹ የሚያሸንፉዎት በዚህ ነው፤ ክራቸው ቀጭን፣ መንጠቆአቸው ትንሽ፣ ምግባቸውም ዓሣው የሚያውቀው ነው።

ስለዚህ ወፍራሙን ክር ለጊዜው ያስቀምጡና ውፍረቱ ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነ ክር ይጠቅልሉ፤ ለቆሮሶ ከበቂ በላይ ነው። መንጠቆው ቁጥር 8 ወይም 10 ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በእነዚህ መንጠቆዎች ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መንጠቆው ያንሳል፣ ስለዚህ 10 ከ8 ያነሰ ነው። ተንሳፋፊው ቡሽ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የምታክል ብቻ ትንሽ የእርሳስ ብረት ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ይሰሩ። ትሉን ሙሉውን አያንጠልጥሉ፤ ቆርጠው መንጠቆውን እንዲሸፍን ያድርጉት፣ አለበለዚያ ዓሣው የተንጠለጠለውን ጫፍ በልቶ ይሄዳል። ሊጥ የሚመርጡ ከሆነ ጠንከር ያለ የስንዴ ሊጥ ውስጥ ጥቂት ጥጥ ቢያሹበት በውኃ ውስጥ ቶሎ አይፈርስም።

ቋጠሮውን ከማጥበቅዎ በፊት በምራቅ ማራስ አይርሱ። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በሰበቃ ይሞቃል፣ የሞቀበት ቦታም ይደክማል፤ እኔ በወጣትነቴ ላንጋኖ ላይ ያመለጡኝን ትልልቅ ዓሦች ሳስታውስ አብዛኞቹ ክሩን የበጠሱት ቋጠሮው ላይ ነበር። በፊላው ጠርዝ፣ በማለዳ፣ ጥላዎ ውኃው ላይ ሳያርፍ ቢቀመጡ የበለጠ ይሳካልዎታል። ባዶ እግርዎን ውኃው ውስጥ ገብተው ግን አይቁሙ፤ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት እንደዚያ ባለ ሣር የበዛበት ዳርቻ ነው።

የወንድምዎ ወፍራም ክር ለአምባዛ ይጠቅማል። አምባዛ በጢሙና በማሽተት ምግቡን ከሐይቁ ወለል ላይ ስለሚፈልግ፣ ሲመሽ ትልቅ መንጠቆ ላይ የዓሣ ቁራጭ ወይም ጉበት አድርገው ወለሉ ላይ ያሳርፉ። የመጠቅለያውን ማጥበቂያ ትንሽ ላላ ያድርጉት፤ አምባዛ ሲጎትት ክሩ እየተለቀቀ ካልሄደ ወይ ክሩ ይበጠሳል ወይ ዘንግዎ ሐይቁ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ጓደኞቼ በክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ወደ ጣና በሚገቡበት ቦታ ነጭ ዓሣ በቀላሉ ይያዛል ብለው ሊወስዱኝ ይፈልጋሉ። ባለፈው ያመጡልኝ ዓሣ ግን ሆዱ ሁሉ ዕንቁላል ነበር። ልሂድ?
(አንባቢት ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እኅቴ፣ እባክዎን በዚያ ወቅት አይሂዱ። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም፤ በጣና ከአሥር በላይ ዝርያዎች አሉት፣ አብዛኞቹም ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ለመራባት በወንዞቹ አፍ ተሰብስበው ሽቅብ ይወጣሉ። በቀላሉ የሚያዙትም ለዚህ ነው፤ ከሰፊው ሐይቅ ተጠራርተው በአንድ ጠባብ በር ስለሚያልፉ። እድገታቸው ዝግተኛ ስለሆነ የጎደለው ቶሎ አይተካም፤ በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ ከገባ ወዲህም ቁጥራቸው እጅግ ቀንሷል። ይህን ስጽፍ እጅግ እያዘንኩ ነው።

በበጋ ግን ደስ ብሎዎት ያጥምዱ። ከእነዚህ ዝርያዎች ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚያድኑ በመሆናቸው፣ ለሐዋሳው ጠያቂያችን ያልሠራው የሚያብረቀርቅ ማባበያ ጣና ላይ ይሠራል። ከመሄድዎ በፊት ፈቃድ ስለሚያስፈልገው ነገር የክልሉን የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች ይጠይቁ፤ ጉዳዩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው።

ጥያቄ፦ ትንሽ ዓሣ ስይዝ እመልሰዋለሁ፤ ግን ብዙዎቹ ሞተው ይንሳፈፋሉ። ለምን?
(አንባቢ ከዝዋይ)

መልስ፦ በደረቅ እጅ ስለሚይዟቸው ሊሆን ይችላል። የዓሣ ቆዳ ከበሽታ የሚጠብቀው ሙልጭልጭ ሽፋን ስላለው፣ እጅዎን በሐይቁ ውኃ ያርሱ፣ በሚተነፍስበት የጉንጩ ክፍተት ጣትዎን አያስገቡ፣ ከተቻለም ከውኃው ሳያወጡት ይፍቱት። የመንጠቆውን የኋላ እሾህ አስቀድመው በፒንሳ ቢደፍቁት ያለ ትግል ይወጣል። መንጠቆውን ጠልቆ ከዋጠው አይጎትቱ፤ ክሩን ወደ አፉ አስጠግተው ይቁረጡና ይልቀቁት። የቆረጡትን ክር ግን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ፤ ዳርቻ ላይ የተጣለ ናይለን የወፍ እግር ያስራል።