ጥርሱ ሳይበላ የፈነዳው ጎማ

የአንባቢዎች ጥያቄ፤ «ባለተሳቢው» ይመልሳል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ አምና ያገለገለ ካምፒንግ ትሬይለር ገዛን። በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት ጎማ አለው። ባለፈው ወር ልጆቹን ይዘን ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሉሬይ ስንሄድ አይ-81 ላይ የግራው የኋላ ጎማ «ጧ!» ብሎ ፈነዳ። ዳር ያዝን። ባለቤቴ የመኪናችንን ክሪክ አክስሉ (የግራና የቀኝ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ብረት) ሥር ሲያስገባ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ቆሞ «እዚያ አይደለም!» ብሎ ጮኸበት። የመንገድ ዳር እርዳታ ስንደውል ደግሞ «አባልነታችሁ መኪናውን እንጂ ትሬይለሩን አይሸፍንም» አሉን። ለሦስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ቆይተን፣ ከኪሳችን ከፍለን ሰው አስመጣን። የገረመኝ ጎማው አዲስ ይመስል ነበር፤ ጥርሱ ሙሉ ነው። ጎኑ ላይ 3117 ይላል። ባለቤቴ «የ2017 ነው፣ ገና ዓመቱ» ብሎኝ ነበር። ታዲያ ለምን ፈነዳ? ደግሞ ቢገጥመንስ ራሳችን መቀየር እንችላለን?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን አተረፋችሁ። 3117 ላይ ስደርስ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። ባለቤትሽ ቁጥሩን በትክክል አንብቦታል፤ የሳተው ካላንደሩን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱ ናቸው፣ የኋለኞቹ ዓመቱ። ዓመቱ ደግሞ የፈረንጅ ነው። 31ኛው ሳምንት፣ 2017። በእኛ ሲመለስ ሐምሌ 2009 ማለቂያ ላይ ይውላል። ጎማሽ ስምንት ዓመት አልፎታል። ልጅ ቢሆን ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ነበር።

ቁጥሩ የሚገኘው «ዲኦቲ» (DOT) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ነው። አንዳንዴ በአንዱ ጎን ብቻ ይታተምና እሱ ጎን ወደ ውስጥ ዞሮ ይገጠማል። ያን ጊዜ መሬት ላይ ተኝቶ በስልክ መብራት ማየት ነው። የቀሩትን ሦስቱንም እዪ። ትርፉን ጎማም አትርሺ፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱም የእነሱ እኩያ ነው።

እኔ አገር ቤት 11 ዓመት የጅቡቲን መስመር በተሳቢ ሠርቻለሁ። እዚያ ጎማ በእርጅና ሲሞት አላየሁም። ሳያረጅ የአፋር አስፋልት ልጦ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጎማ ስናይ ጥርሱን ነበር የምናየው፤ ከተላጨ ሞቷል፣ ካልተላጨ አለ። የካምፒንግ ትሬይለር ነገር ሌላ ነው። በዓመት አሥር ወር ግቢ ውስጥ ቆሞ ፀሐይ ይመታዋል። ጎማ ሲሠራ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጠብቀው ሰም ይገባበታል። ያ ሰም ወደ ላይ የሚወጣው ጎማው ሲሽከረከርና ሲለጠጥ ነው። የቆመ ጎማ ይህን አያገኝም። ላዩ ያብለጨልጫል፣ ውስጡ ይደርቃል። ከዚያ በጁላይ ሙቀት፣ ጭነት ተሸክሞ፣ በ70 ማይል ሲነዳ ንብርብሩ ይላቀቃል። እኔ 5 ዓመት የሞላውን የትሬይለር ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እቀይራለሁ። «ኧረ ገና ነው» የሚለኝን አልሰማም።

አየርና ጭነትም ሳልጠረጥር አላልፍም። አልጻፍሽልኝም፤ ግን ሦስት ልጅ ይዞ ካምፕ የሚሄድ ሐበሻ እንዴት እንደሚጭን አውቃለሁ። ከሰሉ በከረጢት፣ ሥጋው በበረዶ ሣጥን፣ ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ የውኃው ታንክ ደግሞ ከቤት ተሞልቶ። 40 ጋሎን ውኃ ብቻውን ከ330 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ውኃውን እዚያው ስትደርሱ ሙሉት። ጀበናውን ግን ተይው፣ እሱ ይሂድ።

አየሩን በሚመለከት፣ የትሬይለር ጎማ ከቤት መኪና ብዙ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ላይ «ሎድ ሬንጅ» (የጭነት አቅም ደረጃ) ከሚለው ቀጥሎ ሲ ካለ 50፣ ዲ ካለ 65፣ ኢ ካለ 80 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው። የሚለካውም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። እንደለመድነው 35 ነፍተን የምንወጣ ሞልተናል። አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር እየታጠፈ ይግላል፤ የሚገድለው ያ ግለት ነው። ለእናንተ ትሬይለር ትክክለኛው ልክ ከውጭ፣ በግራ በኩል ወደ ፊት የተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

አሁን ወደ ክሪኩ። ያ ሾፌር ልክ ነው፤ ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር። እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት የጓደኛዬን ትሬይለር ጎማ ልቀይር ተነሳሁ። «እኔ እያለሁ ሰው ይጠራል እንዴ?» ብዬ ጉራዬን ነፋሁ። አገር ቤት እንደማደርገው ክሪኩን አክስሉ መሃል ሥር ከትቼ አነሳሁት። የከባድ መኪና አክስል ዝሆን ቢቀመጥበት አይሰማውም። የካምፒንግ ትሬይለር አክስል ግን ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው። እኔ መሃሉን ወደ ላይ ገፍቼ አጎበጥኩት። በዓይን አይታይም። ሰመሩ ሲያልቅ ግን የአዲሶቹ ጎማዎች የውጪው ጠርዝ ተላጭቶ ተገኘ። አክስሉን ማስቀየር ግድ ሆነ። ጓደኛዬ ቡና በጠጣን ቁጥር ያነሳብኛል።

ክሪክ የሚገባው ሻንሲው (ቤቱን የተሸከመው ዋናው ብረት) ሥር ነው፤ ከጎማዎቹ ኋላ፣ ባሌስትራው (አክስሉን የያዘው ንብርብር ብረት) ከሚታሰርበት አጠገብ፣ ወፍራሙ ብረት ላይ። ከክሪኩ በታች ሰፊ ጣውላ ይነጠፍ፣ ካለበለዚያ አፈር ውስጥ ይሰምጣል። የመኪናችሁ ክሪክ ለመኪናችሁ ነው የተሠራው፤ ለዚህ ቁመቱም ጉልበቱም አይበቃም። እንደ ጠርሙስ የቆመው የዘይት ክሪክ፣ 6 ቶን የሚያነሳ፣ ይበቃችኋል። አራቱ ማዕዘን ላይ ያሉት ቀጫጭን እግሮች ደግሞ ቤቱ እንዳይወዛወዝ እንጂ ለማንሳት አልተሠሩም። በእነሱ የሚያነሳ አይቻለሁ። እግሩ ሲጣመም የሚያሰማውን ድምፅ አልረሳውም።

ለእናንተ ግን ከክሪክም የሚቀል አለ፣ ሁለት ሁለት ጎማ ስላላችሁ። የኋላው ከተነፈሰ፣ ከፊቱ ያለውን ደህናውን ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ ማውጣት ነው። ለዚህ የሚሸጥ የፕላስቲክ መወጣጫ አለ። ከሌለ ሦስት ወፍራም ጣውላ እንደ ደረጃ ትደረድሪያለሽ፤ የታችኛው ረጅም፣ የላይኛው አጭር። ባለቤትሽ መሪ ላይ፣ አንቺ ውጭ፣ እሱ በመስታወት በሚያይሽ ቦታ። ቀስ፣ ቀስ፣ በቃ። ደህናው ጎማ ጣውላው አናት ላይ ሲቆም የፈነዳው በአየር ላይ ይቀራል። ዳዶዎቹን (ጎማውን ያሰሩትን ፍሬዎች) ግን ከመውጣቱ በፊት፣ ጎማው መሬት እንደነካ፣ ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር አላልተሽ ተዪያቸው። በአየር ላይ ያለ ጎማ ይሽከረከርብሻል እንጂ አይፈታም።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። የፈነዳው ይወጣል፣ አዲሱ አይገባም። የተነፋ ጎማ ከተነፈሰው ይረዝማላ! እኛ ሚሌ ላይ አካፋ አውጥተን ከሥሩ እንቆፍር ነበር። አስፋልት አይቆፈርም፤ ስለዚህ አንድ ጣውላ ትርፍ ያዙ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ታኮ (ጎማ እንዳይንከባለል የሚደረግ ማገጃ)። መኪናው ከትሬይለሩ አይፈታ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ። በማትነኩት በኩል ያሉት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይግባባቸው። ጎማ በማይኖርበት ሰዓት እጅም ጭንቅላትም ትሬይለሩ ሥር አይገባም።

ጎማው ከገባ በኋላ ዳዶዎቹን በዙሪያ ተራ አታጥብቂ። አንዱን፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ እንደ ኮከብ። ጎማው መሬት ሲነካ በቶርክ መፍቻ (የሚጠብቅበትን ኃይል በሚለካው) ጨርሺ። የግማሽ ኢንች ቡሎን ከሆነ ከ90 እስከ 120 ፉት ፓውንድ ነው። ከዚያ 10 ማይል ሄዳችሁ ቁሙና ድጋሚ፣ 25 ላይ ድጋሚ፣ 50 ላይ ድጋሚ። ልጆቹ ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ። አዲስ የታሰረ ጎማ ዳዶው ይላላል፤ እኔ አዋሽ አርባ አካባቢ የራሴ ጎማ ቀድሞኝ ሲሄድ አይቻለሁ።

ስለ ቦታው ደግሞ ልቆጣሽ ነው። የፈነዳው የግራው ነው፣ አይ-81 ደግሞ የከባድ መኪና ጎዳና ነው። ባለቤትሽ ጀርባውን ለዚያ ሁሉ ጭነት ሰጥቶ ነበር የተንበረከከው ማለት ነው። የሚቀጥለው መውጫ ቅርብ ከሆነ የአደጋ መብራት አብርቶ፣ በዳር በዳር፣ በዝግታ መውጣት ይሻላል። ቸርኬው ቢበላሽ ይበላሽ፣ ይገዛል። ግድ ካቆማችሁም ልጆቹን በቀኝ በር አውጥተሽ ከብረት አጥሩ ወዲያ አቁሚያቸው። ቨርጂኒያ ከ2023 ጀምሮ የአደጋ መብራት አብርቶ ለቆመ መኪና ሁሉ ራቅ ብለህ እለፍ፣ ካልቻልክ ፍጥነት ቀንስ የሚል ሕግ አላት። ስልኩን እያየ የሚነዳ ሰው ግን ሕጉንም አንቺንም አያይም። አገር ቤት ቢሆን ረዳቱ ሮጦ ቅጠል ቆርጦ ከኋላ ይበትን፣ ድንጋይ ይደረድር ነበር። (ድንጋዩን ሳናነሳ እየሄድን ስንቱን እንዳስለቀስን፣ ይቅር ይበለን።) እዚህ ሦስት የሚያብረቀርቁ ትሪያንግሎች ግዥና ራቅ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ።

ሌላ የምነግርሽ፣ ከፈነዳው ጎን የነበረውን ጎማም አትመኚው። ትሬይለራችሁ ተጭኖ 7,000 ፓውንድ ነው እንበል። ከዚያ 12 በመቶ ያህሉን መኪናው ይሸከማል። የቀረው ለሁለት ሲካፈል በአንድ ጎን 3,080 ፓውንድ ነው። አንዱ ሲፈነዳ ያን ሁሉ ጓደኛው ብቻውን ተሸከመ። ብዙ ትሬይለር ላይ ያለው ባለ 15 ኢንቹ 225/75፣ ሎድ ሬንጅ ዲ፣ የሚችለው 2,540 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ያም ተጎድቷል። በዕድሜም እኩያው ነው፤ አብሮ ይውጣ። ጎማው ሲበተን የጭቃ መከላከያውንና የፍሬኑን ሽቦ መትቶ ሊሆን ስለሚችል ከሥር አስፈትሹ።

ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ ወይ? ትችላላችሁ። ግን የመጀመሪያው ጊዜ አይ-81 ላይ አይሁን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችሁ ውስጥ ቀይሩ። የመኪናችሁ መፍቻ የትሬይለሩን ዳዶ እንደማይገጥም ያን ዕለት ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ጥያቄ፦ እኔ አንድ አጭር ጥያቄ አለኝ። ለትሬይለሬ የቤት መኪና ጎማ በቅናሽ አገኘሁ፤ ልኩ አንድ ነው። ልግጠመው?
ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ አትግጠመው፣ ወንድሜ። ልኩ አንድ ቢሆንም ከቁጥሩ ፊት ያለው ፊደል ይለያል። «ፒ» የሚለው ለሰው መጫኛ ነው፤ ጎኑ ለስላሳ ነው፣ ትሬይለር ሥር ይወዛወዛል፣ የሚችለው ጭነትም ያንሳል። አንተ የምትፈልገው «ኤስቲ» የሚለውን ነው። ስትገዛም ከልኩ መጨረሻ ያለችውን የፍጥነት ፊደል እያት። «ኤል» ካለ እስከ 75 ማይል ይፈቅድልሃል። ፊደል የሌለውን ጎማ ከ65 በላይ አትንዳው፣ በአይ-70 ወደ ካንሳስ ስትወርድ ሁሉም ጥሎህ ቢያልፍም። ባለሱቁ «አዲስ ነው» ሲልህ አራቱን ቁጥሮች ራስህ አንብብ፤ በፈረንጅ ካላንደር።