ሙሉው ይበልጣል ወይስ ግማሹ?

ሰሞኑን አንድ ልጅ ጻፈልኝ። የጀርመን ወታደሮች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያንጠለጥሉት የነበረውን ሞላላ የአንገት መለያ ፎቶ አያይዞ «ጋሼ፣ ሙሉው ነው ወይስ ግማሹ ዋጋ የሚያወጣው?» ይላል። ሰላምታ የለም፤ ከየት እንዳገኘው የለም። የዘንድሮ ልጆች ዋጋውን ሳይሰሙ ዕቃውን አያዩትም። ተቆጥቼ ልመልስለት ነበር፤ ግን ጥያቄው ስሸሸው የኖርኩትን ነገር ቀሰቀሰብኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በሙዚየም የብረት ዕቃዎች መሐል ነውና ለእሱ የምለውን ሌሎቻችሁም ስሙት።

መለያው ከዚንክ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። መሐሉን በአግድም የሚያቋርጥ የተበሳሳ መስመር አለው፤ ከመስመሩ በላይም በታችም የተጻፈው አንድ ነው። ስም የለበትም። መለያውን የሰጠው የጦር ክፍል፣ ተራ ቁጥር፣ የደም ዓይነት፣ በቃ። ወታደሩ ሲሞት የታችኛው ግማሽ ተሰብሮ ለሪፖርት ይላካል፤ ሁለት ቀዳዳ ያለው የላይኛው ግማሽ አስከሬኑ ላይ ይቀራል። እንግዲህ ያ የላይኛው ግማሽ ብቻውን ገበያ ላይ ሲቀርብ ምን ማለት እንደሆነ ልጁ ራሱ ያስበው።

እኔ ያየሁት ግን ሙሉውን ነበር። ወጣት ሳለሁ፣ በአንድ የሰብሳቢዎች ገበያ። ሻጩ ሜዳሊያና ቁልፍ በደረደረበት ጠረጴዛ ጥግ፣ ክዳኑ በጠፋ የሲጋራ ቆርቆሮ ውስጥ ብቻውን አስቀምጦታል። አፈሩ ገና ከቀዳዳዎቹ አልወጣም። ሌንሴን አውጥቼ ጎንበስ አልኩ። የዚንኩ ነጭ ግራጫ ዝገት ከፊደሎቹ ውስጥም ከገጹም እኩል በቅሏል። ፊደሎቹ አንድ በአንድ በእጅ የተመቱ ናቸው፤ አንዱ ጠልቋል፣ አንዱ ዘመም ብሏል። የእግረኛ ተተኪ ሻለቃ ምህጻረ ቃል አነበብኩ፤ የደም ዓይነቱ ኤ። መስመሩ አልተነካም። እውነተኛ መሆኑን ለመጠራጠር ምክንያት አላገኘሁም።

«ከመሬት ነው የወጣው?» አልኩት።

«ከመሬት ነው።»

«ብቻውን?»

ትንሽ ዝም አለና «ብቻውን አልነበረም» አለኝ።

ይህ ማለት ሰውየው ወድቆ ማንም አላገኘውም፤ መለያውን የሰበረለት የለም። ቤተሰቡ ዘንድ የደረሰው ቢበዛ «ጠፍቷል» የሚል ወረቀት ነው። ቦታውን ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «ዛሬ ብነግርህ ነገ አንተ ትቆፍረዋለህ» አለ። ማስታወሻዬን ሳወጣ ደግሞ መዳፉን ቆርቆሮው ላይ ጫነ፤ መጻፍ የፈለገ መጀመሪያ ይግዛ ነው ነገሩ።

አልገዛሁም። ከአጽም ላይ የተነሣ ዕቃ የገዛ ሰው፣ የሚቀጥለውን መቃብር እንዲቆፍሩ ገንዘብ ከፈለ ማለት ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። ለገበያው አዘጋጆች ልናገር ሄድኩ። አንዱ ወደ ሌላው ሲልከኝ ቆይቼ ስመለስ ቆርቆሮው ባዶ ነበር። ሻጩ ትከሻውን ሰበቀ።

ለምን ይቆጨኛል? የጀርመን ጦር በእ.ኤ.አ. 1939 በርሊን ውስጥ ያቋቋመው የመረጃ ቢሮ የእነዚህን መለያዎች ዝርዝር ይይዝ ነበር፤ ክፍሎቹ ማን የትኛውን ቁጥር እንደያዘ፣ ምን እንደተለወጠ ይልኩለታል። መዝገቡ ከ2019 ጀምሮ በጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት ሥር ነው። በብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ በትክክል ከተላከላቸው ስም ሊያወጡለት ይችላሉ። ያንን ቁጥር አንብቤው ነበር፤ ግን ቁጥር እንደ ፊት አይታወስም። ኤ የምትለዋ ፊደል ብቻ ቀረችልኝ። ስለዚህ ከመሬት የወጣ አትግዙ እላችኋለሁ፤ ያ ቀን ቢመለስ ግን እገዛው ነበር። ሁለቱን አስታርቁልኝ የሚል ካለ እኔም አልቻልኩም።

ነገሩ የጀርመን ብቻ አይደለም። እንግሊዞች መጀመሪያ አንድ መለያ ብቻ ይሰጡ ነበር። ሞቱን ለማስመዝገብ ያ ሲነሣ አስከሬኑ ያለ ስም ይቀራል፤ በ1916 ሁለት አደረጉት፣ አረንጓዴው ከሟቹ ጋር የሚቀር፣ ቀዩ የሚወሰድ። ከብረት ሳይሆን ከተጨመቀ ፋይበር ስለነበሩ ግን ብዙዎቹ መሬት ውስጥ በሰበሱ። ሶቪየቶች ደግሞ በ1941 ወረቀት የሚከተትበት ጥቁር የኤቦናይት (የጠነከረ ጎማ) ብልቃጥ ለወታደሮቻቸው ሰጡ፤ ብዙ ወታደር ሞት ይጠራል ብሎ ወረቀቱን ሳይሞላ ተወው፣ በኅዳር 1942 ብልቃጡ ራሱ ቀረ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ያለውን ብልቃጥ በጉጉት በፒንሳ ሲከፍት አይቻለሁ። ወረቀቱ እጁ ላይ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ እርጥበቱን እንደጠበቀ ለባለሙያ ስጡ፤ እንዳትከፍቱት።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው ስለመለየት ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አንድ ምልክት ለሁሉም አይሠራም። የፊደሎቹ መዛነፍ በጀርመኑ ላይ ደህና ምልክት ነው፤ በማሽን በሚታተመው የአሜሪካ መለያ ላይ ግን ያስጠረጥራል። የአሜሪካኑን ስታዩ ጽሑፉ ከራሱ ጋር መስማማቱን መርምሩ። የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ እስከ ሐምሌ 1943 ድረስ ይታተም ነበር፤ ከዚያ ቀረ። ስለዚህ የዘመድ አድራሻ ያለበት መለያ በ1944 የተወሰደ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትን የሚያሳይ «ቲ 44» ካለበት፣ እጄን ወደ ኪሴ አልሰድም። መለያ ቁጥሩ በ3 የሚጀምር በግዳጅ የተመለመለ ነው፤ በ1 የሚጀምር በፈቃዱ የገባ። ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍተት በሟቹ ጥርስ መሐል ለመሰካት ናት የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ሌላውንም ወሬውን በዚያው ልክ መዝኑት፤ ክፍተቷ ብረቱን ማሽኑ ላይ ለማስተካከል ነበረች። ከቬትናም ገበያዎች ለቱሪስት የሚሸጠውን ደግሞ ብዙው ሐሰት ነው ብላችሁ ጀምሩ።

የወታደሩ ፋይል አልተገኘም ማለት ግን መለያው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በሐምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የአሜሪካ ወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል ወድሟል። እንዲያም ሆኖ የብዙዎቹ የምልመላ መዝገብ ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይታያል። እኛ ደብዳቤ ጽፈን ወራት የምንጠብቀውን እናንተ ሻይ ሳይበርድ ታገኙታላችሁ። በዚህ እቀናባችኋለሁ፤ ስለ ልጆች ያልኩትንም በከፊል አንሡልኝ።

ለጻፈልኝ ልጅ፦ ያንተው ሙሉው ነው፤ ስለ ዋጋው ከእኔ አትስማ። በሆምጣጤም በብሩሽም አትንካው። ከማን እንደገዛኸው፣ ሰውየው ስለ ቦታው የነገረህ ነገር ካለ፣ ሳትረሳው ዛሬውኑ ጻፈው። ከዚያ የሁለቱንም ገጽ ፎቶ ብርሃኑን ከጎን አድርገህ አንሣና ላክልኝ፤ ለቤተ መዛግብቱ የሚላከውን ደብዳቤ አብረን እናዘጋጃለን።