«ሰዉማ ድሮም በእግሩ ነው የሚሄደው»

ጥያቄ፦ ሰላም እንደምን ናችሁ፣ እኔ አዲስ አበባ አንድ ኤፍኤም ጣቢያ ማስታወቂያ ክፍል ነው የምሰራው። ጣቢያችን ሰዉ በእግሩ እንዲሄድ የሚያበረታታ የሁለት ወር ዘመቻ ሊጀምር ነውና ስፖቱን፣ ማለትም አጭሩን የሬዲዮ ማስታወቂያ የምፅፈው እኔ ነኝ። «በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው» ምናምን ብዬ ፅፌ ለእማዬ ሳነብላት «ልጄ፣ ሰዉማ ታክሲ ሲያጣ፣ ሳንቲም ሲያጥረው ድሮም በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ለማን ነው የምትነግሪው?» አለችኝ። ከዛ ወዲህ አንድ መስመር መፃፍ አቃተኝ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፣ ጠዋት ሽሮሜዳ ወይ ኮተቤ መንገድ ዳር ብትቆሚ ታይዋለሽ፣ እና ለዛ ሁሉ ሰው በሬዲዮ «ተራመዱ» ማለት ያስቀይማል። ስለዚህ ከመፃፍሽ በፊት ለማን እንደምትናገሪ ለዪ። ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚውለው፣ ዳቦ ለመግዛት እንኳን መኪና የሚያስነሳው፣ ጡረታ ወጥቶ ቤት የቀረው፣ ስፖትሽ የነሱ ነው። ቀድሞም በእግሩ ለሚሄደው ደግሞ ዘመቻችሁ ሌላ ዕዳ አለበት፣ ክዳን የሌለው ቱቦ የት ሰፈር እንዳለ፣ ማታ መብራት የሌለው የትኛው መንገድ እንደሆነ እየደወለ በአየር ላይ ይናገር፣ እናንተም የሚመለከተውን አካል ጠይቁለት።

ሁለተኛው ነገር፣ መሰማት ብቻውን አያስኬድም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ውፍረትና እንቅስቃሴ ትልቅ ዘመቻ አድርጎ ነበር፣ በኋላ ሲጠና ከተጠየቀው ሰው ከግማሽ በላዩ ስለ ዘመቻው ሰምቷል፣ ተመዝግቦ የተሳተፈው ግን አንድ በመቶ እንኳን አልሞላም። እኔን ይሄ ቁጥር በጣም ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ አሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ዊሊንግ በምትባል ትንሽ ከተማ በቲቪ፣ በሬዲዮና በጋዜጣ ለ8 ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ደጋገሙ፣ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 65 ለሆነ ቁጭ ብለው ለሚውሉ ሰዎች፣ በቀን 30 ደቂቃ ተራመዱ፣ ጊዜ የለኝም የሚለውን ሰበብ ይዘው እሱኑ መለሱለት። መንገድ ላይ ቆመው ሲቆጥሩ የሚራመደው ሰው በ23 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ልዩነቱ ይታይሻል አይደል? ለማን፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ፣ ተለይቷል።

የኛ ከተማ ሰው ሰበብም ያው ጊዜ ነው እንጂ ጤናን ጠልቶ አይደለም። እኔ ብሆን ስፖቱን ከታክሲ ውስጥ ነበር የምጀምረው፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ አንድ ሰው ከሚወርድበት አንድ ፌርማታ ቀድሞ ሲወርድ፣ የበሩ ድምፅ፣ ከዛ እርምጃ፣ በቃ። ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ ቁልቁለት ነው፣ ማንም ይችለዋል። ይሄን ሰዉ ከስራ ሲወጣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ልቀቂው፣ ሰምቶ ወዲያው ሊያደርገው በሚችልበት ሰዓት ማለቴ ነው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቢተላለፍ ምን ዋጋ አለው?

በቀን 10 ሺህ እርምጃ የሚለውን ግን አደራ እንዳታስገቢው። ቁጥሩ የመጣው ከቶኪዮ ኦሎምፒክ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው፣ ከምርምር አይደለም፣ ጀማሪውንም ያስደነግጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ከ10 ደቂቃ ያነሰ አይቆጠርም የሚለውን አንስቶታል፣ ስለዚህ ያቺ አንድ ፌርማታም ትቆጠራለች፣ ይሄን በግልፅ ንገሪያቸው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማችን ያወቀችው «መንገድ ለሰው» እሁድም አለ፣ አስፋልቱ ለመኪና ተዘግቶ ልጅ አዋቂው የሚወጣበት፣ እንደዛ ያለ ቀን ሲኖር ማይክ ይዛችሁ እየተራመዳችሁ በቀጥታ አስተላልፉ፣ ሰው የሰፈሩን ሰው ድምፅ ሲሰማ ይወጣል።

እና እናትሽን ስቱዲዮ አምጫቸው። የመጀመሪያው ስፖት «ሰዉማ ድሮም በእግሩ ነው የሚሄደው» በሚለው በራሳቸው ድምፅ ይከፈት፣ ቀጥሎ አንቺ «እማዬ ልክ ነሽ፣ እኔ ግን አልሄድም ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ» በያቸው፣ ያንኑ ዕለት ማታም ውረጂ።