የቤት የአየር ሁኔታ ጣቢያና የሶፍትዌር ምርጫ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የምኖረው ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከውጭ አገር የመጣችው እህቴ ዴቪስ ቫንቴጅ ፕሮ 2 የተባለውን የአየር ሁኔታ መለኪያ ከመረጃ መያዣው ጋር አምጥታልኛለች። በአካባቢያችን መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ ኢንተርኔት የማገኘውም በሞባይል ዳታ ብቻ ነው። የትኛውን ሶፍትዌር ብጠቀም ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እርስዎ ባሉበት ሁኔታ ሶፍትዌሩ ሊመዘን የሚገባው በገጹ ውበት ሳይሆን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሚያደርገው ነገር ነው። የመረጃ መያዣው 2,560 ምዝገባዎችን ይይዛል፤ ይህም በየ5 ደቂቃው ቢመዘገብ ለ9 ቀን ገደማ፣ በየ30 ደቂቃው ቢሆን ደግሞ ለ53 ቀን ያህል ይበቃል። ማሳያው በባትሪ ስለሚሠራ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ምዝገባው አይቋረጥም፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ እንደገና ሲነሣ ያመለጠውን ከመያዣው የሚያነብ መሆን አለበት። ዊውኤክስም ሆነ ኩሙሉስ ኤምኤክስ የተባሉት ሶፍትዌሮች ይህን ያደርጋሉ፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ፣ መዝገቡንም እዚያው ቤትዎ ባለው ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣሉ።

የእኔ ምርጫ ዊውኤክስ ነው፤ ራስፕቤሪ ፓይ በተባለው ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ በሚፈጅ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ የዓመታት መዝገብዎንም በአንድ ፋይል ስለሚይዝ ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ ይመቻል። ትእዛዝ እየጻፉ መሥራት የሚከብድዎት ከሆነና ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ካለዎት ግን ኩሙሉስን ይያዙ።

ራስፕቤሪ ፓይ ከመረጡ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። እስከ 4ኛው ትውልድ ድረስ ያሉት ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሰዓት የሚጠብቅ የራሳቸው ባትሪ ስለሌላቸው ትክክለኛውን ሰዓት የሚያገኙት ከኢንተርኔት ነው፤ መብራት መጥቶ ዳታ ካልተከፈተ ልኬቱ በተሳሳተ ሰዓት ሊመዘገብ ይችላል። ባለ ባትሪ የሰዓት ሞጁል መግጠም ይህን ይከላከላል፣ ዋጋውም ከጠፋ መዝገብ ጋር አይወዳደርም።

የአካባቢዎን ከፍታ በማሳያውም በሶፍትዌሩም ላይ በትክክል ያስገቡ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች በቦታው ያለው የአየር ግፊት 750 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው፤ ከፍታው ካልገባ ወደ ባሕር ወለል ተሰልቶ የሚታየው ቁጥር ትርጉም አይኖረውም።

ዊውኤክስ የዓመቱን ዝናብ መደመር የሚጀምረው ከጃንዋሪ ነው። መነሻውን ወር ወደ ሴፕቴምበር መለወጥ ይቻላል፤ ሆኖም ድምሩ ከሴፕቴምበር 1 ስለሚጀምር የነሐሴ መጨረሻና የጳጉሜን ዝናብ ከአዲሱ ዓመት ጋር ይቀላቀላል። በትክክል ከመስከረም 1 ጀምሮ ለማስላት የየዕለቱን ዝናብ ከመዝገቡ አውጥተው በኤክሴል ይደምሩት።